የገጀራው እጀታ ሲስተካከል ቡናውም ሠራተኛውም ይድናል

የቡና ምንጣሮ ወቅት ሲደርስ በገበሬ ማኅበር ስብሰባ ላይ አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ ስንት ሰው ለሥራ ይወጣል የሚለው ነው። ቀጥሎም ስንት ገጀራ አለ ይባላል። የገጀራው እጀታ እንዴት ነው፣ ለማንስ እጅ ተሠራ ብሎ የሚጠይቅ ግን ብዙም አይገኝም። ይሁን እንጂ የቀኑ ሥራ መጠን፣ የሠራተኛው ጤንነት፣ ከዚያም አልፎ የቡናው ዕድሜ በከፊል የሚወሰነው ስንዝር በማትሞላ እንጨት መሆኑን ሥራውን ቀርቦ ያየ ሁሉ ይረዳዋል።

በጅማ፣ በከፋ፣ በኢሉባቦርና በወለጋ ቡና የሚበቅለው በአብዛኛው በጥላ ዛፍ ሥር ነው። ክረምቱ ሲገባ ሐረጉ፣ ቁጥቋጦውና አረሙ ከቡናው ጋር ይሻማል። ለቀማው ከመድረሱ በፊት ይህን ሁሉ መመንጠር ግድ ይሆናል፤ ካልተመነጠረ ለቃሚው ወደ ዛፉ መድረስ ይቸገራል፣ የረገፈውም ፍሬ በአረም ውስጥ ጠፍቶ ይቀራል። ሥራው የሚሠራው በገጀራ ነው። መንጣሪው ጎንበስ ብሎ ከጧት እስከ ማታ ክንዱን ያወናጭፋል፤ በአንድ ቀን ውስጥ ገጀራውን የሚያነሣውና የሚመልሰው ብዙ ሺህ ጊዜ ነው። በአንድ ምት ላይ የማይታወቅ ጥቂት ጉድለት በብዙ ሺህ ምት ሲባዛ ትልቅ ጉዳት ይሆናል።

ገጀራ ከቢላዋ የሚለየው በክብደቱ ነው። ቢላዋ በስለቱ ይቆርጣል፤ ገጀራ ግን ስለቱንም ክብደቱንም ይጠቀማል። በመሆኑም የገጀራ መክበድ ጉድለት አይደለም። ጉድለት የሚሆነው ክብደቱ ያለ ቦታው ሲቀመጥ ነው። ከገበያ የሚገዛው ገጀራ ለሁሉም ሥራና ለሁሉም እጅ አንድ ሆኖ የተሠራ ነው፤ እጀታው አጭርና ቀላል፣ ብረቱ ረጅምና ወደ ጫፉ ሰፋ ያለ ይሆናል። እንዲህ ያለው ገጀራ ግንድ ለመቁረጥ ይመቻል። በቡና መካከል ቀጭን ሐረግና ለጋ ቁጥቋጦ ለመመንጠር ግን ወደ ፊት ያደላል፤ ክንድን ይጎትታል፤ በተፈለገበት ቦታ ላይም አይቆምም።

የሚዛን መጓደል የሚያስከትለው ጉዳት

የመጀመሪያው ጉዳት ድካም ነው። ወደ ፊት ያደላውን ብረት በአየር ላይ የሚይዘው የእጅ አንጓ ነው። አንጓው ሲደክም ጣቶች እጀታውን አጥብቀው ለመያዝ ይገደዳሉ፤ መዳፍ ይቆስላል፤ ክንድም ይዝላል። ከቀትር በኋላ ሥራው ሲቀንስ አንዳንድ መሪ ሠራተኛው ሰነፈ ብሎ ይቆጣል። ስንፍና ተብሎ የሚነቀፈው ነገር ብዙ ጊዜ የደከመ አንጓ ነው።

ሁለተኛው ጉዳት የአካል መቁሰል ነው። በደከመ እጅ የተያዘ ገጀራ ከምቱ በኋላ አልፎ ይሄዳል። አልፎ የሄደ ገጀራ የሚያርፈው በመንጣሪው ቅልጥም ላይ ወይም አጠገቡ ባለው ሰው ላይ ነው። እጀታው ከላብና ከዝናብ የተነሣ ሲያንሸራትት አደጋው ይብሳል።

ሦስተኛው ጉዳት በቡናው ላይ የሚደርሰው ነው። ይህ ጉዳት ወዲያው ስለማይታይ ከሁሉ የከፋ ነው። ቡናን አጠውልጎ የሚያደርቅ በፈንገስ የሚመጣ በሽታ አለ። ፈንገሱ በአፈር ውስጥ ይቆያል፤ ወደ ዛፉ የሚገባበት ዋነኛ በር ደግሞ በግንዱ ሥር አካባቢ ያለ ቁስል ነው። በምንጣሮ ጊዜ ገጀራ የቡናውን ግንድ ሲላጠው ይህ በር ይከፈታል። ከዚያ በኋላ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፣ ይጠወልጋል፣ ይረግፋል፤ በግንዱ ሥር ቅርፊቱ ሲላጥ እንጨቱ ጠቁሮ ወይም ወደ ሰማያዊ ጥቁር ተለውጦ ይታያል። የታመመ ዛፍ አይድንም፤ ያለው መፍትሔ ነቅሎ በቆመበት ቦታ ማቃጠል ነው። በሽታው በኢትዮጵያ ከታወቀ ብዙ አሥርተ ዓመታት አልፈዋል፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990ዎቹ ደግሞ በኮንጎና በኡጋንዳ የሮቡስታ ቡናን ክፉኛ አጥቅቷል።

አንድ የቡና ችግኝ ተተክሎ በቂ ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት አራት ዓመት ይጠይቃል። በአንዲት ያልታሰበች ምት የተላጠ ግንድ ቢደርቅ የሚጠፋው የዚያ ዓመት ምርት ብቻ አይደለም። ከዚህም ሌላ የታመመውን ዛፍ የነካ ገጀራ በሽታውን ወደ ጤናማው ዛፍ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ መንጣሪው ስለቱ የሚያርፍበትን ቦታ በትክክል መወሰን መቻሉ የምቾት ጉዳይ ሳይሆን የማኅበሩ ሀብት ጉዳይ ነው።

ሚዛኑን ማወቅ

ማንኛውንም ገጀራ ከማስተካከል በፊት ሚዛኑ የት እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል። ለዚህ ልዩ መሣሪያ አይጠየቅም። ቀጭን እንጨት በሁለት ድንጋዮች ላይ ይጋደማል፤ ገጀራው በጎኑ ተኝቶ በእንጨቱ ላይ ይደረጋል፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተገፋ በየትኛውም ወገን ሳያዘነብል የሚቆምበት ነጥብ ይፈለጋል። ነጥቡ በከሰል ምልክት ይደረግበታል። ከዚያ በኋላ ገጀራው ለሥራ እንደሚያዝ ሆኖ ይያዝና ከጠቋሚ ጣት እስከ ምልክቱ ያለው ርቀት ይለካል።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። ለምሳሌ አንድ ገጀራ ከነእጀታው 700 ግራም ቢመዝንና ሚዛኑ ከጠቋሚ ጣት ወደ ፊት 14 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም ሰባት ጣት ያህል ርቆ ቢገኝ፣ በአንጓው ላይ የሚወድቀው ጫና ክብደቱ በርቀቱ ተባዝቶ 9,800 ይሆናል። ይህ ቁጥር ለማነጻጸሪያ የሚሆን ነው። ገጀራው ሳይለወጥ ርቀቱ ብቻ ወደ 7 ሳንቲ ሜትር ቢወርድ ጫናው በግማሽ ይቀንሳል። የእጀታ ማስተካከል ሥራ በሙሉ በዚህ ስሌት ላይ የቆመ ነው፤ ክብደትን ከመቀነስ ይልቅ ርቀትን መቀነስ ይቀላል።

ይሁን እንጂ ሚዛኑ ጨርሶ እጀታው ላይ የወደቀ ገጀራ ለምንም አይሆንም። ሲመታ ይነጥራል እንጂ አይቆርጥም፤ ሠራተኛውም ብረቱ ያልሠራውን በጉልበቱ ለመሥራት ይገደዳል። ወፍራም እንጨት ለሚቆርጥ ሚዛኑ ወደ ፊት ራቅ ይበል፤ ሐረግና ለጋ ቁጥቋጦ ለሚመነጥር ወደ እጁ ይቅረብ። አንድ ማኅበር ሁሉንም ገጀራ በአንድ ዓይነት ሚዛን ከማስተካከል ይልቅ ጥቂቶቹን ለግንድ፣ ብዙዎቹን ለምንጣሮ ቢለይ ይሻለዋል።

ገንዘብ የማይጠይቀው መንገድ

ከሁሉ ቀላልና ርካሽ የሆነው ማስተካከያ እጅን ወደ ሚዛኑ ማቅረብ ነው። የገጀራው ብረት ከእጀታው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ጠበብ ያለ ከሆነ ከስለቱ ሥር 5 ሳንቲ ሜትር ያህል በሞረድ ተሞርዶ ፈጽሞ እንዲዶለዱም ይደረጋል። ይህ የስለቱ ክፍል በሥራ ጊዜ እምብዛም ስለማይቆርጥ ቢዶለዱም የሚጎድል ነገር የለም። በዶለዶመው ብረት ግራና ቀኝ ሁለት ስስ የእንጨት ሰሌዳዎች ይደረጉና በላያቸው ላይ እርጥብ ጠፍር ጠበቅ ተደርጎ ይጠመጠማል። ጠፍር ሲደርቅ ስለሚኮማተር ብረቱንና እንጨቱን አጥብቆ ይይዛል።

በዚህ ዓይነት የተሠራ ገጀራ ሁለት መያዣ ይኖረዋል። ሠራተኛው በቡናው ግንድ አቅራቢያ ሲመነጥር ጠቋሚ ጣቱን ወደ ፊት 4 ሳንቲ ሜትር አቅርቦ ይይዛል። ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ ርቀቱ ከ14 ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል፤ ጫናውም ከ9,800 ወደ 7,000 ይቀንሳል። የጠፍሩና የስሱ እንጨት ክብደት አነስተኛ ስለሆነ ስሌቱን ብዙም አይለውጠውም። ወፍራም ነገር ሲያጋጥመው ደግሞ እጁን ወደ ኋላ መልሶ ሙሉውን የክብደት ኃይል ይጠቀማል። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ሞረድ፣ ጠፍርና የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።

ብረቱ ከሥሩ ጀምሮ ሰፊ ከሆነ ግን በመዳፍ አይጨበጥም። በዚህ ጊዜ ቀጥቃጩ የብረቱን ሥር በመጠኑ እንዲያጠበው ማድረግ ወይም ወደሚቀጥለው መንገድ መሄድ ያስፈልጋል።

እንጨት መምረጥ

እጀታው የተሰነጠቀ ወይም የላላ ከሆነ መለወጡ አይቀርም። አዲሱ እጀታ የሚሠራበት እንጨት ጥንካሬ ብቻ ሳይሆን ክብደቱም ሊታሰብበት ይገባል። ዋንዛ ለመጥረብ ይመቻል፤ ነገር ግን ቀላልና ለስላሳ ስለሆነ የብረቱን ክብደት ከኋላ ሊመክት አይችልም። ወይራ ከዋንዛ እጥፍ ያህል ይከብዳል፤ ጠንካራም ነው። በአንድ መጠን የተጠረቡ የዋንዛና የወይራ እጀታዎች በሚዛን ሲቀመጡ ልዩነታቸው ከ50 ግራም በላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የተበላሸውን የዋንዛ እጀታ በወይራ መለወጥ ብቻውን ሚዛኑን ወደ እጅ ያቀርበዋል። ወይራ በማይገኝበት አካባቢ ክትክታ ለመሣሪያ እጀታ የታወቀ ጥሩ እንጨት ነው። ለአንድ እጀታ ተብሎ የቆመ ወይራ መጣል አይገባም፤ ከደረቀ ወይም ከተቆረጠ ቅርንጫፍ የሚገኘው ለብዙ እጀታ ይበቃል።

እንጨቱ እርጥብ ሆኖ ከተሠራ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ብረቱም ይላላል። የላላ ገጀራ በምት መካከል ከእጀታው ወልቆ ይበራል። ስለዚህ እንጨቱ ተፈልጦ፣ ፀሐይ በማይነካውና ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ሳምንታት ቆይቶ መድረቅ አለበት። የእንጨቱ መሥመር ከእጀታው ርዝመት ጋር የሚሄድ፣ ቁርጥራጭና ጉጥ የሌለበት መሆኑም ይታይ።

የእጀታው ቅርጽ ፍጹም ክብ ከሆነ በመዳፍ ውስጥ ይዞራል፤ ስለቱም ወዴት እንደዞረ እጅ ሊያውቀው አይችልም። ሞላላ ሆኖ ቢጠረብ ሠራተኛው ሳያይ ስለቱ ያለበትን ወገን ይለያል። መጨረሻው ላይ ወደ ታች ጎበጥና ወፈር ማለቱ ደግሞ ሁለት ጥቅም አለው፤ እጅ ወደ ኋላ እንዳይሾልክ ይከለክላል፣ ክብደትም ከኋላ ይጨምራል።

ከኋላ መጨመር ወይስ ከፊት መቀነስ

ከባድ እንጨት ብቻውን የማይበቃ ከሆነ በእጀታው መጨረሻ ላይ ብረት መጨመር ይቻላል። ከአሮጌ መኪና የወለቀ ዳዶ ወይም ቀጥቃጩ ያዘጋጀው ወፍራም የብረት ቀለበት በእጀታው መጨረሻ ላይ ይሰካል። በምሳሌው ገጀራ ላይ 100 ግራም ብረት ከጠቋሚ ጣት ወደ ኋላ 10 ሳንቲ ሜትር ላይ ቢጨመር ጠቅላላ ክብደቱ 800 ግራም ይሆናል፤ ሚዛኑ ግን ከ14 ወደ 11 ሳንቲ ሜትር ይመለሳል። ጫናውም ወደ 8,800 ይወርዳል። ገጀራው በሚዛን ላይ ከበደ፤ በእጅ ላይ ግን ቀለለ ማለት ነው።

ይሁንና የዚህ መንገድ ወሰን መታወቅ አለበት። ከኋላ የተጨመረ ክብደት ገጀራውን ይዞ ለመቆም ያቀላል እንጂ ብረቱ በፍጥነት ሲወናጨፍ ያለውን ጉልበት አይቀንስም። የሚወናጨፈውን ገጀራ ለማቆም የሚያስቸግረው በጫፉ ላይ ያለው ክብደት ነው። በጫፍ ላይ ያለ ክብደት ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ለማወናጨፍም ሆነ ለማቆም የሚጠይቀው ጉልበት አራት እጥፍ ያህል ይደርሳል። ስለዚህ በቡና መካከል ስለቱን በተፈለገው ቦታ ማቆም ላቃተው ሰው ዋናው መፍትሔ የሚገኘው ከጫፉ ነው።

በምሳሌው ገጀራ ላይ ከጠቋሚ ጣት 34 ሳንቲ ሜትር ርቆ ካለው የብረቱ ጀርባ 50 ግራም ብቻ ተሞርዶ ቢነሣ ጫናው ከ9,800 ወደ 8,100 ይቀንሳል። ከጫፍ የተቀነሰ 50 ግራም ከኋላ ከተጨመረ 100 ግራም የበለጠ ሥራ ሠራ ማለት ነው። ከጀርባው እንጂ ከስለቱ ወገን መቀነስ አይገባም። ነገር ግን ከብረት የተቀነሰ አይመለስም። ብዙ ከተቀነሰ ገጀራው ኃይሉን ያጣል፤ ብረቱም ስስ ሆኖ ይጎብጣል። ከዚህ የተነሣ ቅደም ተከተሉ የታወቀ ሊሆን ይገባል፤ በመጀመሪያ የአያያዙ ቦታ፣ ቀጥሎ እንጨቱ፣ ከዚያ ከኋላ የሚጨመረው ብረት፣ በመጨረሻም ሌላው ሁሉ ሳይበቃ ሲቀር ብቻ ሞረዱ ጫፉን ይንካ።

ብረቱና እንጨቱ ሲጋጠሙ

የተስተካከለ ሚዛን ዋጋ የሚኖረው ብረቱ በእጀታው ውስጥ ሳይነቃነቅ ሲቆም ነው። የብረቱ ጭራ በእንጨት ውስጥ የሚገባ ከሆነ እጀታው በአፉ በኩል በብረት ቀለበት መታሰር አለበት፤ ቀለበቱ እንጨቱ እንዳይሰነጠቅ ይከላከላል። ጭራው ሰፊ ሆኖ በሁለት እንጨቶች መካከል የሚያዝ ከሆነ ደግሞ ቢያንስ በሦስት ቦታ ተበስቶ፣ ምስማሮቹ በሁለቱም ወገን አናታቸው ተቀጥቅጦ ከእንጨቱ እኩል መሆን አለባቸው። ወጣ ያለ የምስማር አናት በአንድ ቀን መዳፍ ያቆስላል።

ቀጥቃጮች ብዙ ጊዜ የብረቱን ጭራ አግለው በእንጨቱ ውስጥ አቃጥለው ያስገቡታል። ዘዴው ጥሩ ነው፤ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ግን ሙቀቱ ወደ ስለቱ እንዳይሄድ ነው። ስለቱ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ መቆየት አለበት። የነጻው ብረት ቀለም ወደ ሰማያዊ ከተለወጠ የስለቱ ጥንካሬ እየሄደ መሆኑን ያሳያል፤ እንዲህ የሆነ ገጀራ ቶሎ ቶሎ ይዶለዱማል።

በአንዳንድ ቦታ ክብደት ለመጨመር ከአሮጌ የመኪና ባትሪ እርሳስ ቀልጦ በእጀታው ውስጥ ይፈሳል። ይህ ፈጽሞ መደረግ የለበትም። የእርሳስ ጢስና ብናኝ መርዝ ነው፤ ከሁሉ በላይ ሕፃናትን ይጎዳል። ዳዶ ባለበት እርሳስ አያስፈልግም።

ያለቀው እጀታ በተልባ ዘይት ቢታሽ ውሃ አያስገባም፣ አይሰነጠቅምም። ዘይቱ የተቀባበት ጨርቅ ግን ተጠቅልሎ ቤት ውስጥ መጣል የለበትም፤ ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ስለሚፈጥር ጨርቁ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ዘርግቶ ከቤት ውጭ ማድረቅ ይገባል።

ለእያንዳንዱ እጅ

እስካሁን የተነገረው ሁሉ አንድ ገጀራ ለአንድ እጅ ሲሠራ የሚሆን ነው። በብዙ ማኅበር ግን የጋራ ገጀራ በአንድ ቦታ ተከማችቶ ጧት እንዳጋጣሚ ይታደላል። እጀ ሰፊው ወንድ ቀጭኑን፣ እጀ ትንሿ ሴት ወፍራሙን ታገኛለች። እጀታው ለያዘው እጅ የሚስማማው ጣቶች ዞረው ወደ መዳፍ ሲደርሱ ነው። ጣቶች መዳፍን ከወጉ እጀታው ቀጥኗል፤ ከመዳፍ በጣም ከራቁ ወፍሯል። ወፍራም እጀታ የያዘ ሰው የቱንም ያህል ብርቱ ቢሆን አጥብቆ ሊይዝ አይችልም።

በቡና ሥራ ላይ ሴቶችና ወጣቶች ከፍተኛ ድርሻ አላቸው። ከገበያ የመጣው ገጀራ ግን የእነርሱን እጅ አስቦ አልተሠራም። መሪዎች ገጀራዎቹን ቢያንስ በሦስት የእጀታ ውፍረት ቢለዩና እያንዳንዱ ሠራተኛ በወቅቱ ሙሉ የራሱን እንዲይዝ ቢያደርጉ ለሥራውም ለጤንነቱም ይበጃል። በእጀታው ላይ በጋለ ብረት ምልክት ማድረግ ለዚህ ይበቃል። የራሱን ገጀራ የያዘ ሰው ይስለዋል፣ ያደርቀዋል፣ ሲላላም ቶሎ ያሳያል።

ቀጥቃጩና ማኅበሩ

ይህ ሥራ ያለ ቀጥቃጭ አይሆንም። የማረሻው፣ የማጭዱ፣ የመጥረቢያውና የገጀራው ባለቤት በሙያ እርሱ ነው። ይሁን እንጂ በብዙ አካባቢ ቀጥቃጭ በስድብ ሲጠራና በክፉ ዓይን ሲታይ ኖሯል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ባለሙያን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው የሚታወስ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ መሬቱን ራሱ ለማልማት ፈቃደኛ የሆነ ማንኛውም ሰው በጾታ ሳይለይ መሬት እንዲሰጠው ደነገገ። አዋጅ ግን ልማድን በአንድ ቀን አይለውጥም። ቀጥቃጩ ከሰፈር ተገልሎ በሚኖርበት፣ ልጁም የአባቱን ሙያ አፍሮበት በሚሸሽበት ቦታ ወናፉ ይቆማል፤ ያን ጊዜ ለአንድ የላላ እጀታ ከተማ መሄድ ሊመጣ ነው።

መሪዎች ይህን ሊከላከሉ የሚችሉት በቃል ምስጋና ብቻ አይደለም። ሥራውን በወቅቱ መስጠት፣ ዋጋውንም አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል። በምንጣሮው ዋዜማ ሃምሳ ገጀራ በአንድ ጊዜ ይዞ መምጣት ቀጥቃጩን ያጣድፈዋል፤ የተጣደፈ ሥራ ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት ይላላል። ከሁለት ወር በፊት በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ቢመጣለት እንጨቱም ለመድረቅ፣ እርሱም ለመጠንቀቅ ጊዜ ያገኛል። ገጀራው ሲሰጥም ከሚይዘው ሰው ጋር መሆን አለበት፤ የእጅን ልክ በመልእክተኛ መላክ አይቻልም። ከሰፈሩ አንድ ሁለት ወጣቶች ለእንጨቱ ሥራ ቢመደቡለት ሙያው ይሰፋል፣ የቀጥቃጩም ጊዜ ለብረቱ ብቻ ይሆናል።

ከምንጣሮ በፊት

የተስተካከለ ገጀራ ወደ ቡናው ከመግባቱ በፊት በሌላ ቦታ ሊፈተን ይገባል። ሠራተኛው ግማሽ ሰዓት ያህል ተራ ቁጥቋጦ ይመንጥርበት፤ ከዚያ መዳፉን ይመልከት። የቀላ ወይም ያበጠ ቦታ ካለ እጀታው በዚያ በኩል ትክክል አይደለም። በመሬት ላይ አንድ ችካል ተክሎ፣ ከችካሉ አጠገብ ያለውን ሣር ችካሉን ሳይነኩ መቁረጥ ደግሞ ገጀራው በተፈለገበት ቦታ መቆም አለመቆሙን ይለያል። በዚህ ፈተና ችካሉን ደጋግሞ የሚመታ ገጀራ የቡናውንም ግንድ ይመታል።

ገጀራ የቱንም ያህል ቢስተካከል ሁሉንም ነገር አያድንም። በቡናው ግንድ ዙሪያ አንድ ክንድ ያህል ስፋት ያለውን አረም በእጅ መንቀል፣ በዚያ ክልል ውስጥም ገጀራ አለማስገባት ከሁሉ የሚበልጥ ጥንቃቄ ነው። የደረቀ ወይም የጠወለገ ቡና ባለበት ቦታ የሠራ ገጀራ ወደ ጤናማው ማሳ ከመሄዱ በፊት በበረኪና መታጠብ አለበት፤ በረኪና ብረት ስለሚያዝግ ወዲያው በውሃ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ዘይት ይቀባ። በእሳት ላይ ማግለብለብ በሽታውን ሊገድል ይችላል፤ ስለቱንም ግን ያበላሻል።

ለአዲስ ገጀራ የሚወጣው ገንዘብ በማኅበሩ መዝገብ ላይ ይታያል። በላላ እጀታ የቆሰለ ቅልጥም፣ በድካም የጠፋ የሥራ ቀን፣ ተልጦ የደረቀ የቡና ግንድ ግን በመዝገብ ላይ አይጻፉም። የማኅበር መሪ እነዚህንም መቁጠር ይገባዋል። ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው እንደሚባለው ሁሉ እጀታንም ማስተካከል ምንጣሮው ከመድረሱ በፊት ነው። ሐረጉ ገና ለጋ ሳለ፣ ወናፉም ሳይጨናነቅ እያንዳንዱ ገጀራ በቀጭኑ እንጨት ላይ ተጋድሞ ሚዛኑ ይታይ፤ በእጀታውም ላይ የሚይዘው ሰው ምልክት ይደረግበት።